የታሪክ መንገድ አንድ ብቻ ነውን?



በዛሬው ንግግሬ የማነሣው ጉዳይ የሰው ልጅ ማኅበራዊ ኑሮ ከአንዱ ሥርዓት ወደ ሌላው የሚሸጋገረው በምን ምክንያት እንደ ሆነ፤ ይልቁንም ካፒታሊዝም የሚባለው የኤኮኖሚ ሥርዓት ለሕዝብ ሁሉ የግድ ማለፊያ በር መሆን አለመሆኑ ነው። ነገሩ የሊቃውንት ክርክር ብቻ የሚመስለው ሰው ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ለዚህ ጥያቄ የተሰጠው መልስ በብዙ አገር የገበሬውን መሬት፣ የሠራተኛውን ደመወዝና የመንግሥትን መዝገብ ሲለውጥ ታይቶአል፤ ስለዚህ በመሥሪያ ቤት ተቀምጦ ደንብና ዕቅድ የሚያረቅ ሰው ሁሉ ሊያስብበት የሚገባ ነው። በንግግሬ የምጠራቸው ዓመታት፤ «በእኛ አቆጣጠር» ካላልሁ በቀር፤ የአውሮፓውያን ናቸው።

የቀድሞ ታሪክ ጸሐፊዎች አንድ መንግሥት ስለ ምን እንደ ወደቀ፣ ሌላውስ ስለ ምን እንደ ተነሣ ሲጠየቁ፤ የንጉሡን ጠባይ፣ የጦር አለቃውን ብልሃት ወይም የአማካሪውን ተንኰል ይቈጥሩ ነበር። ጀርመናዊው ካርል ማርክስ ግን በ1859 ባሳተመው የኤኮኖሚ መጽሐፍ መቅድም ላይ ነገሩን ከሌላ ወገን ጀመረው። ሰው ከመፈላሰፉና ሕግ ከማውጣቱ በፊት መብላት፣ መልበስና መጠለል አለበት፤ ይህንንም የሚያገኘው በሥራ ነው፤ ሥራውንም የሚሠራው ብቻውን ሳይሆን ከሌሎች ጋር በአንድ ዐይነት ውል ተሳስሮ ነው። ማረሻውና ወፍጮው፣ ጉልበቱና ዕውቀቱ የምርት ኀይሎች ይባላሉ። መሬቱ የማን ነው? ምርቱ ሲገባስ ማን ምን ያህል ይወስዳል? የሚለው ደግሞ የምርት ግንኙነት ይባላል። ማርክስ እንደሚለው ሕጉ፣ ፍርድ ቤቱ፣ የመንግሥቱ አቋምና የሰዎቹም አስተሳሰብ በዚህ መሠረት ላይ የቆመ ሕንፃ ነው። የምርት ኀይሎች እያደጉ ሲሄዱ ቀድሞ ያሳደጋቸው ግንኙነት ይጠብባቸዋል፤ እንደ እግር ብረትም ይይዛቸዋል፤ ያን ጊዜ የለውጥ ዘመን ይከፈታል። ይህ አስተያየት በቋንቋችን «ታሪካዊ ቁስ አካልነት» የሚል ስም ወጥቶለታል። ስሙ ለጆሮ ይክበድ እንጂ ነገሩ ከማሳና ከጎተራ የራቀ አይደለም።

ይህን የሰሙ ብዙዎች «እንግዲያው ሁሉን የሚያደርገው ሆድ ነው» ብለው ደመደሙ። የማርክስ የሥራ ባልደረባ የነበረው ፍሬድሪክ ኤንግልስ በ1890 ለአንድ ወጣት በጻፈው ደብዳቤ ይህን አነጋገር ተቃውሞአል። ኤኮኖሚ በመጨረሻው ላይ የሚወስን ኀይል ይሁን እንጂ ሕጉም፣ እምነቱም፣ የፖለቲካውም ትግል በታሪክ አካሄድ ላይ የየራሳቸው ሥራ አላቸው፤ ወጣቶቹ የኤኮኖሚውን ወገን ከሚገባው በላይ ማጉላታቸውም በከፊል የማርክስና የእርሱ የራሱ ጥፋት ነው ሲል አስረድቶአል። ደቀ መዝሙር ከመምህሩ ይልቅ ቃሉን ማጥበቁ በሃይማኖትም በፖለቲካም የታወቀ ነገር ነው።

አሁን ከሐሳቡ ወደ ምድሩ እንውረድ። በእንግሊዝ አገር ከ15ኛው መቶ ዓመት ማለቂያ ጀምሮ የበግ ጠጕር ብዙ ትርፍ ስለሚያስገኝ የመሬት ጌቶች የእርሻውን መሬት ወደ ግጦሽ ለመለወጥ ቸኰሉ። መንደርተኛው ከብቱን በጋራ ያሰማራበት የነበረው ሜዳ በአጥር ተከለለ፤ ኋላም ፓርላማው ራሱ አጥሩን በሕግ አጸደቀው። በሰሜን ስኮትላንድ የሰዘርላንድ ባላባት እመቤት ከ1814 እስከ 1820 ድረስ 15,000 ያህል ሰዎችን፤ ማለት 3,000 ያህል ቤተ ሰቦችን፤ ከአባቶቻቸው መሬት አስነሣች፤ በ1825 በእነዚያ ሰዎች ስፍራ 131,000 በጎች ተሰማርተው ነበር። ይህን አኃዝ የመዘገበው ማርክስ በ1867 «ካፒታል» ብሎ ባሳተመው መጽሐፉ ነው። መሬቱን የተነጠቀው ሰው ከጉልበቱ በቀር የሚሸጠው ነገር ስላልቀረው ወደ ከተማ ወርዶ በፋብሪካ በር ቆመ። ካፒታሊዝም የተወለደው እንግዲህ ባንዱ ወገን ገንዘብ ያለው፤ በሌላው ወገን ጉልበቱን ብቻ የያዘ ሰው በገበያ ሲገናኙ ነው፤ ሁለተኛው ሰው ግን ወደዚያ ገበያ በፈቃዱ አልመጣም።

ከዚያስ በኋላ ምን ይመጣል? ማርክስ ለሚመጣው ዘመን ኑሮ ዝርዝር ደንብ ለመጻፍ እምቢ ያለ ሰው ነበር። ቢሆንም አዲሱ ግንኙነት በአሮጌው ሥርዓት ማሕፀን ውስጥ እንደሚፀነስ ያስተምር ነበር። በ1847 የእንግሊዝ ፓርላማ የሴቶችንና የወጣቶችን የፋብሪካ ሥራ በቀን በ10 ሰዓት እንዲወሰን ሕግ አወጣ። ሠራተኞች በኅብረት ያቋቋሟቸው ፋብሪካዎችም ያለ ጌታ ትልቅ ሥራ መሥራት እንደሚቻል አሳዩ። ማርክስ በ1864 ለዓለም አቀፉ የሠራተኞች ማኅበር በጻፈው የመክፈቻ ቃል እነዚህን ሁለቱን እንደ ትልቅ ድል ቈጥሮአቸዋል። አንደኛው ከሕግ አውጭ ምክር ቤት፤ ሁለተኛው ከተራ ሠራተኞች መዋጮ የመጣ መሆኑን ልብ በሉልኝ፤ ከካፒታሊዝም ወዲያ የሚደረግ ለውጥ ሲነሣ ጦርነትና እሳት ብቻ የሚታያቸው ሰዎች ይህን ይዘነጉታል።

ይህ ሁሉ ግን የእንግሊዝ ታሪክ ነው። የእንግሊዝን መንገድ ያልሄደ አገርስ የግድ በዚያው መንገድ መሄድ አለበትን? ገበሬው በሙሉ መሬቱን እስኪነጠቅ፣ ሕፃናት በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ እስኪያንቀላፉ ድረስ መጠበቅ ግዴታ ነውን? ይህ ጥያቄ ሳይሸሸግ በግልጽ የቀረበው ከሩስያ ነው።

ሩስያ በዚያ ዘመን በአብዛኛው የገበሬ አገር ነበረች። ዛር ዳግማዊ አሌክሳንድር በ1861 ባወጣው አዋጅ ከመሬት ጋር እንደ ዕቃ ሲሸጥ ሲለወጥ የነበረውን ገበሬ ነፃ አወጣው፤ ነገር ግን ለተሰጠው መሬት ዋጋውን በ49 ዓመት ከፍሎ እንዲጨርስ ታዘዘ። በብዙው የአገሪቱ ክፍል መሬቱ የተሰጠው ለእያንዳንዱ ገበሬ ሳይሆን «ሚር» ለሚባለው የመንደር ማኅበር ነበር። ሚር የሚለው ቃል በሩስያ ቋንቋ ዓለም ማለትም ነው፤ ሰላም ማለትም ነው። የሚሩ ሥርዓት እንዲህ ነበር፤ ቤቱና የጓሮው አትክልት የየቤተ ሰቡ ነው፤ የእርሻው መሬት ግን የጋራ ስለ ሆነ በየጊዜው እንደ ቤተ ሰቡ ብዛት በቁራጭ በቁራጭ ይደለደላል፤ ግጦሹም የጋራ ነው። ግብሩም የጋራ ነው። አንዱ ቢደኸይ ወይም ቢኮበልል ዕዳውን ጎረቤቶቹ ይከፍላሉ። የግብር ሰብሳቢው ሥራ እንዴት እንደ ቀለለለት መገመት አያስቸግርም።

የማርክስ «ካፒታል» ወደ ባዕድ ቋንቋ ሲተረጐም የመጀመሪያው ትርጕም የሩስያ ነበር፤ በ1872 በ3,000 ቅጂ ታተመ። የዛሩ የመጽሐፍ መርማሪዎች እንዲወጣ የፈቀዱለት መጽሐፉ ከባድ ስለ ሆነ ብዙ ሰው አንብቦ አይረዳውም ብለው ነው። ሰው ግን አነበበው፤ አንብቦም ለሁለት ተከፈለ። አንዱ ወገን «የመንደራችን የጋራ መሬት ወደ አዲስ ኑሮ የሚያሻግረን ድልድይ ነው» ሲል፤ ሁለተኛው ወገን «ይህ ያረጀ ነገር ነው፤ መጥፋቱ አይቀርም፤ ማርክስም ያለው እንዲሁ ነው» ይል ነበር።

በዚህ ጊዜ ቬራ ዛሱሊች የምትባል ሩስያዊት በስደት በጄኔቭ ትኖር ነበር። ይህች ሴት በ1878 አንድ የፖለቲካ እስረኛ ስላስገረፈ የፒተርስበርግን አገረ ገዥ በሽጕጥ ተኩሳ አቍስላ፤ ዳኝነቱን የያዙት ዜጎች ግን በነፃ የለቀቋት ናት። በየካቲት ወር 1881 ለማርክስ ደብዳቤ ጻፈች። ነገሩ ለእኛ የሞትና የሕይወት ጥያቄ ነው አለችው። ሚሩ ከግብር ጫናና ከባለ ሥልጣን በደል ቢላቀቅ ሊያድግ የሚችል ከሆነ፤ ሶሻሊስት የሆነ ሰው ጉልበቱን ሁሉ እርሱን ለማዳን ያውለዋል። መጥፋቱ የማይቀር ከሆነ ግን የቀረን ሥራ ቍጭ ብሎ መቍጠር ብቻ ነው፤ የገበሬው መሬት ወደ ከበርቴው እጅ ለመግባት ስንት አሥር ዓመት ይፈጅበታል? የሩስያ ካፒታሊዝምስ የምዕራብ አውሮፓን ለማከል ስንት መቶ ዓመት ያስፈልገዋል? ይህ ነበር የጥያቄዋ ፍሬ ነገር።

ማርክስ በዚያን ጊዜ 62 ዓመቱ ነበር፤ ጤናውም ታውኮ ነበር። የሩስያን ቋንቋ ግን ዕድሜው 50 ከሞላ በኋላ ተምሮ የአገሪቱን የኤኮኖሚ መጻሕፍት በገዛ ቋንቋቸው ያነብ ነበር። ለዚህች ሴት መልስ ለመስጠት ደጋግሞ አረቀቀ፤ ረቂቆቹ ብዙ ገጽ የያዙ ናቸው። በመጨረሻ መጋቢት 8 ቀን 1881 የላከላት ደብዳቤ ግን አጭር ነው። ለአንድ አገር ሕዝብ መንገዱን ከሩቅ ሆኖ መምራት ሳይከብደው አልቀረም ብዬ እገምታለሁ።

በመልሱ የተናገረው ይህን ነው። በ«ካፒታል» የተጻፈው፤ ገበሬው ከመሬቱ የሚነቀልበት የግድ አካሄድ፤ ለምዕራብ አውሮፓ አገሮች ብቻ የተወሰነ ነው። ምክንያቱንም ሲያስረዳ፤ በምዕራብ አውሮፓ የሆነው በገዛ ጉልበቱ የሚሠራው ሰው የግል ንብረት በሌላ ዐይነት የግል ንብረት፤ ማለት በከበርቴው ንብረት መተካቱ ነው፤ በሩስያ ግን መሬቱ የጋራ ስለ ሆነ፤ በዚያ መንገድ ይሂድ ቢባል የጋራውን ወደ ግል መለወጥ ይሆናል አለ። ስለዚህ መጽሐፉ ለሚሩ መኖርም ሆነ መጥፋት ማስረጃ አይሆንም። ይሁንና ልዩ ጥናት ካደረገ በኋላ ሚሩ ለሩስያ መታደስ መነሻ ሊሆን እንደሚችል ማመኑን ገለጸ፤ ለዚህም አስቀድሞ ከየአቅጣጫው የሚያጠቁት ነገሮች መወገድ አለባቸው አለ።

በረቂቆቹ ውስጥ ያለው ግን ከዚህ ይበልጣል። ሚሩ ሁለት ባሕርይ አለው ይላል፤ ቤቱና ጓሮው የግል፣ መሬቱ የጋራ ነው፤ ከሁለቱ የትኛው እንደሚያሸንፍ የሚወስነው በዙሪያው ያለው የታሪክ ሁኔታ ነው። ደግሞም ሩስያ ከዓለም ተለይታ የምትኖር አይደለችም። የባቡር ሐዲዱን፣ የእንፋሎቱን ሞተርና ባንኩን ምዕራባውያን ብዙ መቶ ዓመት ደክመው አግኝተውታል፤ እርስዋ ግን በጥቂት ዓመታት አስገብታዋለች። መሣሪያውን ለማግኘት መከራውን ሁሉ መድገም ካላስፈለገ፤ የጋራ መሬት ያለው ሕዝብም ያንኑ መሣሪያ በጋራ ሊሠራበት የማይችልበት ምክንያት የለም። ሚሩን የሚያሰጋው የግብሩ ክብደት፣ አራጣ አበዳሪውና ነጋዴው ነው እንጂ «የታሪክ ሕግ» የሚባል ነገር አይደለም። ይህ ቃል የተጻፈው በመንግሥት መሥሪያ ቤት ላሉ ሰዎች ባይሆንም ለእነርሱ የተጻፈ ይመስለኛል፤ በፊርማችን ያጠፋነውን ነገር ታሪክ አጠፋው ማለት ቀላል ነውና።

ማርክስ ከዚያ በፊት በ1877 አካባቢ ለአንድ የሩስያ መጽሔት ባረቀቀውና ሳይልከው በቀረው ደብዳቤ፤ ስለ ምዕራብ አውሮፓ የጻፈውን ታሪክ ለሕዝብ ሁሉ የታዘዘ መንገድ አድርገው የሚተረጕሙትን ተቃውሞ ነበር። በምሳሌነት የጠቀሰው የጥንቱን የሮም ሕዝብ ነው። የሮም ገበሬዎችም መሬታቸውን ተነጥቀዋል፤ በሌላው ወገንም ሰፊ መሬትና ብዙ ገንዘብ በጥቂቶች እጅ ተሰብስቦ ነበር። እንደ እንግሊዝ ቢሆን ኖሮ የሮም ድኻ የፋብሪካ ሠራተኛ መሆን ነበረበት። ነገር ግን ሥራ ፈት ሆኖ በከተማ ተከማቸ፤ ሥራውን የሠሩት ባሮች ናቸው። የሚመሳሰሉ ነገሮች በተለያየ የታሪክ ሁኔታ ውስጥ የተለያየ ፍሬ ያፈራሉ፤ ስለዚህ እያንዳንዱን ለብቻው መርምሮ ኋላ ማነጻጸር እንጂ ለሁሉም በር አንድ ቁልፍ ይዞ መዞር አይጠቅምም።

ኋላ የመጣው ታሪክ ግን ሁለቱንም ወገን አላስደሰተም። ቭላዲሚር ሌኒን በ1899 ባሳተመው የሩስያ ካፒታሊዝም ዕድገት ጥናት፤ የየአውራጃው ምክር ቤቶች ያደረጉትን ቈጠራ ዘርዝሮ፤ ፈረስ የሌለው ገበሬ ስንት ነው? አንድ ፈረስ ያለውስ? ብዙ ያለውስ? እያለ መረመረ። በሚሩ ውስጥ ያሉት ገበሬዎች በስም እኩል ይሁኑ እንጂ በእርግጥ ሀብታምና ድኻ ሆነው እንደ ተለያዩ አሳየ። በእኛ አገርም ጥማድ በሬ ያለውና የሌለው ገበሬ እኩል መሬት ቢኖራቸው እኩል እንደማያርሱ የሚያውቅ ሰው ይህን ማስረጃ አይንቀውም። የጋራ መሬት መኖሩ ብቻውን እኩልነትን አያመጣም።

የሆነ ሆኖ ሚሩ በቶሎ አልሞተም። መንግሥት በ1906 ገበሬው ከሚሩ ወጥቶ የግል መሬት እንዲይዝ ሕግ አወጣ፤ ብዙዎችም ወጡ። በ1917 አብዮት ጊዜ ግን ገበሬዎቹ ራሳቸው የጌቶችን መሬት ወስደው በሚሩ ሥርዓት ተከፋፈሉት፤ ከወጡትም ብዙዎቹን መለሷቸው። ከካፒታሊዝም ወዲያ እሻገራለሁ ያለው የመጀመሪያው መንግሥትም ፋብሪካ በበዛባት በእንግሊዝ ሳይሆን በዚህች የገበሬ አገር ተቋቋመ። ከ1929 ጀምሮ ይኸው መንግሥት ገበሬውን በኀይል ወደ ኅብረት እርሻ አስገባው፤ እህሉንም በግዴታ ወሰደ፤ በ1932 እና በ1933 በተነሣው ረኀብ በሚሊዮን የሚቈጠር ሕዝብ አለቀ። በ1938 ደግሞ በሞስኮ በወጣው የፓርቲ ታሪክ መጽሐፍ ውስጥ፤ የሰው ልጅ ማኅበር ጥንታዊ የጋርዮሽ፣ የባሪያ፣ የፊውዳል፣ የካፒታሊስትና የሶሻሊስት ተብሎ በአምስት ደረጃ ተደርድሮ ቀረበ። ከምርመራ የተገኘው ሐሳብ እንደ ባቡር የጊዜ ሰሌዳ ሆነ ማለት ነው። በ1991 ሶቪየት ኅብረት ፈርሶ የመንግሥቱ ፋብሪካዎች ወደ ግል ባለ ሀብቶች ሲተላለፉ፤ ባቡሩ ወደ ኋላም እንደሚሄድ ሰሌዳው አልተናገረም ነበር።

ያ የአምስት ደረጃ ትምህርት ወደ እኛም አገር መጥቶአል፤ በደርግ ዘመን የመንግሥት ሠራተኛ የነበራችሁ በየመሥሪያ ቤቱ የውይይት ክበብ ሳትሰሙት አልቀራችሁም። በእኛ አቆጣጠር በታኅሣሥ 1967 ኅብረተሰብአዊነት ታወጀ፤ የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት አዋጅ ወጣ። መሬት የሕዝብ የጋራ ንብረት ሆነ፤ ጭሰኝነት ቀረ፤ አንድ ቤተ ሰብ ከ10 ሔክታር በላይ እንዳይዝ ተወሰነ፤ 800 ሔክታር በሚያህል ስፍራም የገበሬ ማኅበር እንዲቋቋም ታዘዘ። የፋብሪካ ሠራተኛ ጥቂት በነበረበት አገር ካፒታሊዝምን ዘልሎ ማለፍ ይቻላልን? የሚለው የቬራ ዛሱሊች ጥያቄ ከ94 ዓመት በኋላ የእኛም ጥያቄ ሆነ ማለት ነው። ከዚያ ገበሬው በአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር እንዲገባ ተገፋፋ። በየካቲት 1982 ቅይጥ ኤኮኖሚ ሲፈቀድ ከእነዚህ ማኅበራት አብዛኞቹ በጥቂት ጊዜ ፈረሱ፤ ገበሬዎቹም መሬቱን ተከፋፍለው ወደ የግል እርሻቸው ተመለሱ። ጭሰኝነት ግን አብሮ አልተመለሰም፤ በ1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በ40ኛው አንቀጽ መሬት እንዳይሸጥ እንዳይለወጥ ደንግጎአል።

ይህን ሁለት ነገር አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጦ ማየት ይጠቅማል። ገበሬው በምርቱ ክፍፍል ላይ የነበረውን የቆየ ቅሬታ የመለሰው ለውጥ መንግሥት ሲለወጥ አልተለወጠም። ማረሻውና በሬው እንደ ቀድሞው ሳሉ ሥራውን ብቻ በትእዛዝ የጋራ ያደረገው ግን ትእዛዙ ሲነሣ ተነሣ። እኔ እንደማስበው ታሪካዊ ቁስ አካልነት የሚረዳው በዚህ ዐይነት ምርመራ ነው፤ መሣሪያው ምን ያህል አደገ? የማን ነው? ከለውጡስ የሚጠቀመውና የሚጎዳው ማን ነው? ብሎ ለመጠየቅ ያስተምራል። መጪውን ዘመን አስቀድሞ ለመተንበይ የተጠቀሙበት ሰዎች ግን፤ ከወገኖቹም ከጠላቶቹም በኩል፤ ደጋግመው ሲሳሳቱ አይተናል።

ስለ ደብዳቤው መጨረሻ ጥቂት ልበልና ላብቃ። ማርክስ በ1883 ሞተ። ቬራ ዛሱሊች በዚያው ዓመት ከጆርጅ ፕሌኻኖቭ ጋር በጄኔቭ የመጀመሪያውን የሩስያ ማርክሳውያን ማኅበር አቋቋመች፤ ማኅበሩም ከሚሩ ይልቅ ተስፋውን በፋብሪካው ሠራተኛ ላይ ጣለ፤ የማርክስ መልስ ግን ለሕዝብ አልታተመም። ረቂቆቹን በ1911 ዳዊት ሪያዛኖቭ የሚባል ሊቅ በማርክስ አማች ወረቀቶች መካከል አገኛቸው፤ ፕሌኻኖቭንና እርስዋን ስለ መልሱ አስጠየቀ። ሁለቱም ምንም አላስታወሱም። ደብዳቤው ራሱ በ1923 ከአንድ የቀድሞ ባልደረባቸው ወረቀቶች መካከል ተገኝቶ በ1924 ታተመ፤ ቬራ ዛሱሊች ከሞተች 5 ዓመት ሆኗት ነበር።